የዛገ ክላሲክ መኪና በቤት ሲጠገን፦ መፋቅ፣ ማጣበቅ ወይስ መበየድ?

በቀለም ስር ያበጠች ነጥብ ናት። ስፋቷ አንድ ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ጥፍር ሲያርፍባት ቀለሙ ይፈርሳል፤ ከስሩ ቡናማ ዱቄት ይረግፋል። ክላሲክ መኪና ያለው ሰው ከዚህች ነጥብ አያመልጥም። ጥያቄው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልፋቀው? ኬሚካል ልቀባው? ስቱኮ (ደርቆ የሚጠነክር መሙያ ሊጥ) ልሙላበት? ወይስ ቆርጬ ልበይደው?

አብዛኛው ሰው ከዕቃው ይጀምራል። የትኛው የዝገት ማጥፊያ ይሻላል፣ የትኛው የብየዳ ማሽን ይገዛ ብሎ ይጠይቃል። እኔ ግን ከብረቱ ጀምሩ እላለሁ። ሁለት ነገር ብቻ እወቁ። አንደኛ፣ ይህ ብረት ሸክም ይሸከማል ወይስ ሽፋን ብቻ ነው? ሁለተኛ፣ ጀርባውን ማየትና በእጅ መድረስ ይቻላል? የእነዚህ ሁለት መልስ ከታወቀ ምርጫው ራሱ እየጠበበ ይመጣል።

የጀርባው ጉዳይ በጣም ይዘነጋል። የመኪና አካል ዝገት ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከውስጥ ነው። ውሃ በበር መስታወት ጎማ በኩል ሾልኮ ይወርዳል። ጭቃ ከጎማው በላይ ባለው ቅስት ጀርባ ይከማቻል። የውሃ መውጫ ቀዳዳው ይደፈናል፤ እርጥበቱም እዚያው ያድራል። ጨው ከታከለበት ይፈጥናል። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስለዚህ ከውጭ እብጠት ስታዩ ከውስጥ ሥራው ከተጀመረ ቆይቷል ብላችሁ ተነሱ። ፊቱን ብቻ የሚያክም ጥገና፣ በምንም ዕቃ ይሠራ፣ ጀርባውን ለዝገቱ ትቶለት ነው የሚሄደው።

መጀመሪያ መርምሩ

ካቻቢቴ፣ ማግኔትና የእጅ መብራት ይበቃል። በካቻቢቴው እጀታ ከበሩ በታች ያለውን ደፍ ከፊት እስከ ኋላ ቆርቆር አድርጉት። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምጽ አለው። የተበላው ጋ ስትደርሱ ድምጹ ይደፈናል። አንዳንዴም ውስጥ የረገፈ ዝገት ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። እዚያ ላይ ካቻቢቴውን ገልብጡና በጫፉ ጫን በሉ። ጤነኛ ላሜራ በእጅ ግፊት አይበሳም። ከተበሳ ቀዳዳውን የፈጠራችሁት እናንተ አይደላችሁም፤ ያለውን ነው ያገኛችሁት።

ማግኔቱን በቀጭን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቀለሙ ላይ አስኪዱት። ሲደክም ወይም ሲወድቅ ከስሩ ወፍራም ስቱኮ፣ ፋይበር ግላስ ወይም ሊድ (እርሳስ የተባለው ማዕድን) አለ ማለት ነው። የድሮ ፋብሪካዎች መገጣጠሚያዎችን በቀለጠ ሊድ ይሞሉ ነበር። ሊድ ካገኛችሁ በግራይንደር አታቡንኑት፤ አቧራው መርዝ ነው። የድሮ ቀለምም ሊድ ሊኖረው ስለሚችል ደረቁን ከመፈግፈግ በውሃ እያረጠባችሁ ሥሩት።

እያንዳንዱ መኪና ደካማ ጎን አለው። ቮልስዋገን ቢትል ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ስር ስለሚቀመጥ እዚያ ያለው ወለል በአሲድ ይበላል። በደፎቹ ውስጥ የሚያልፈው የማሞቂያ መስመርም የታወቀ የዝገት ቤት ነው። በመርሴዲስ 123 ክሪክ የሚገባባቸውን ቦታዎችና የጎማ ቅስቶቹን እዩ። የድሮው ላንድ ሮቨር ሲሪስ የውጭ ሽፋኑ አሉሚኒየም፣ ሻንሲው ግን ብረት ነው። ሁለቱ በሚነካኩበት ቦታ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ያልቃል። ማግኔቱም በዚህ መኪና ሽፋን ላይ አይሠራላችሁም። በሌላ በኩል ፖርሽ 911 ከ1976 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ አካሉ በዚንክ በተሸፈነ ብረት ስለተሠራ፣ እዚያ ላይ ዚንኩን ያለ ምክንያት መፋቅ ራሱ ጉዳት ነው።

ያልተበሳ ዝገት፦ በምን ይነሳ?

እዚህ ደረጃ ላይ ከደረሳችሁበት ዕድለኞች ናችሁ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ግን አነሳሱም ይለያያል።

ግራይንደር ላይ የሚገጠም የሽቦ ብሩሽ ፈጣን ነው። ችግሩ፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለውን ዝገት ሳያወጣ ያብረቀርቀዋል። ፊቱ የጸዳ ይመስላል፤ ቀረብ ብላችሁ በመብራት ስታዩት ግን ጥቁር ነጠብጣቦች ቀርተዋል። ሻካራው የናይሎን ዲስክ ዝገቱን በልቶ ብረቱን ስለሚምር ለቤት ሥራ እሱን እመርጣለሁ። የድንጋይ ዲስክን ለዚህ አትጠቀሙ። የአብዛኛው ክላሲክ መኪና የውጭ ላሜራ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ላይ የሚቀነስ ትርፍ ብረት የለም።

በአየር ግፊት አሸዋ መርጨት ጉድጓዱን ጭምር ከሁሉም በተሻለ ያጸዳል። ለሻንሲ፣ ለማጠፊያ፣ ለወፍራም ብረት ተወዳዳሪ የለውም። ለኮፋኖ፣ ለጣሪያና ለበር ሰፊ ፊት ግን አደገኛ ነው፤ የአሸዋው ምት የላሜራውን አንድ ወገን ይዘረጋውና ያጣምመዋል። ከተጣመመ በኋላ መመለሱ የባትላሜራ ባለሙያን እንኳ ያደክማል። ተራ አሸዋ ደግሞ ፈጽሞ አትጠቀሙ። የሲሊካው ብናኝ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል። ጋርኔት (የማዕድን ፍርፋሪ) ወይም የተፈጨ ብርጭቆ ይሻላል። እሱም ቢሆን ያለ ጥሩ ማስክ አይሞከርም።

ተፈትቶ የሚወጣ ዕቃ ከሆነ መንከር ከሁሉም ይቀላል። ሲትሪክ አሲድም ሆነ አቼቶ ዝገት ያነሳሉ፤ ረጅም ሰዓት ከቆየ ግን ጤነኛውንም ብረት ይነካሉ። አሲድ የሌለባቸው የዝገት ማሟሟያ ፈሳሾች ቀርፋፋ ቢሆኑም ጤነኛውን ብረት አይጎዱም። ሞላና ጠንካራ ብሎን በአሲድ አትንከሩ፤ ሃይድሮጂን ገብቶባቸው ተሰባሪ ይሆናሉ። እንደ በር ጠርዝ ያለ የታጠፈ ብረትም አሲድ ውስጥ አይገባም። በእጥፋቱ መሃል የቀረው አሲድ ከቀለሙ ስር ሥራውን ይቀጥላል።

ኤሌክትሮሊሲስም በቤት ይሠራል። ሶዲየም ካርቦኔት የተሟሟበት ውሃ፣ የባትሪ ቻርጀርና አንድ ቁራጭ ብረት ይፈልጋል። የዛገው ዕቃ ከኔጌቲቭ፣ ቁራጩ ብረት ከፖዘቲቭ ይያያዛል። ቁራጩ ስቴንለስ ስቲል መሆን የለበትም፤ ወደ ውሃው መርዛማ ክሮሚየም ይለቃል። ሃይድሮጂን ጋዝ ስለሚወጣ ሥራው ደጅ ላይ ይሁን።

የዝገት መለወጫው ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይወደሳል። ፎስፎሪክ አሲድ ወይም ታኒክ አሲድ አለው፤ የቀረውን ስስ ዝገት ወደ ጠቆር ያለ፣ ጸጥ ያለ ውህድ ይለውጠዋል። ይህን በደንብ ይሠራል። የተቀረፈ፣ ቅጠል ቅጠል የሆነ ዝገት ላይ ከተቀባ ግን የላዩን ብቻ ነክቶ የስሩን ይተወዋል። ስለዚህ ተራው ከተፋቀ በኋላ ነው፤ በመፋቅ ፈንታ አይገባም። አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ የኢፖክሲ ፕራይመሮች (ከቀለም በፊት ብረቱ ላይ የሚቀቡ መነሻ ቅቦች) የአሲድ ቅሪት ላይ አይጣበቁም። የምትቀቡት ኢፖክሲ ከሆነ ወይ መለወጫውን ተዉት፣ ወይ ጣሳው ላይ እንደተጻፈው አጥባችሁ አድርቁት።

ብረቱ ከተበሳ

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። የተበሳ ብረት ላይ አራት መንገድ አለ፦ መሙላት፣ በማጣበቂያ መለጠፍ፣ ቁራጭ መበየድና ሙሉ ክፍሉን መቀየር።

መሙላቱን ቶሎ ልለፈው። ስቱኮ የተስተካከለ ብረት ላይ የቀረ ጥቃቅን ጎድጓዳ ማለስለሻ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ከዘለለ ቦታው አይደለም። ውሃ ይመጥጣል፤ ቀዳዳ ላይ ሲሞላ ደግሞ ጀርባው ራቁቱን ስለሚቀር ከውስጥ ያለውን እርጥበት እየጠጣ ጠርዙ ላይ ያለውን ብረት ያዛግተዋል። ከላይ ሲያዩት ያብረቀርቃል፤ ውስጡን ለቄስ። ፋይበር ግላስ ከስቱኮ ይጠነክራል፤ ሆኖም ተራው የፖሊስተር ሙጫ ከብረት ጋር ያለው ትስስር ደካማ ነው። ሸክም የሌለበት ቦታ ላይ፣ በሁለቱም ወገን ጸድቶ፣ በኢፖክሲ ሙጫ ከተሠራ ለጊዜው ይይዛል። ከዚያ ያለፈ ተስፋ አትጣሉበት። ዛሬ የሞላችሁትን ነገ የሚፈታው ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ ቀዳዳው ሰፍቶ ነው የሚጠብቀው።

በማጣበቂያ መለጠፍ ብዙዎች የሚንቁት፣ ግን ለቤት ጠጋኝ በጣም የሚስማማ መንገድ ነው። የምለው ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚሠራውን የኢፖክሲ የብረት ማጣበቂያ ነው፤ የመኪና ፋብሪካዎችም በዚህ ዓይነት ይጠቀማሉ። እሳት የለውም፣ ላሜራውን አያጣምምም፣ የቀለጠ ዚንክ ጭስ የለውም፣ መገጣጠሚያውንም ራሱ ይደፍናል። የተበላው ተቆርጦ ይወጣል። የቀዳዳው ጠርዝ ዙሪያውን በላሜራ ውፍረት ልክ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። አዲሱ ቁራጭ እዚያ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ተደርቦ ይተኛል፤ ፊቱም ከዋናው ጋር እኩል ይሆናል። ሁለቱም ፊቶች እስኪያበሩ ይፋቃሉ፣ በማጣበቂያው ይሸፈናሉ፣ እስኪደርቅ በሪቬት ወይም በሞርሳ ይያዛሉ።

ማጣበቂያ ወደ ጎን ሲጎተት ብርቱ ነው፤ ከጠርዝ ሲላጥ ግን ይሸነፋል። ስለዚህ የበር ሽፋን፣ የኋላ ፓራፋንጎ ፊት፣ የጣሪያ ጠርዝ ላይ ደህና ነው። ደፍ፣ ሻንሲ፣ መቀመጫ የሚታሰርበት ወለል ላይ በቤት አይሞከርም። ሙቀትም ያበላሸዋል፤ በአካባቢው የሚበየድ ነገር ካለ ብየዳው ይቅደም።

ሸክም የሚሸከም ብረት ሌላ ምርጫ የለውም፤ ይበየዳል። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ይህ ነው፦ ከደህንነት ቀበቶ፣ ከሞላና ሾክ ወይም ከመሪ ማሰሪያ በ30 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ያለ ቀዳዳ ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ ተበይዶ ይዘጋል። ስቱኮ፣ ሪቬት፣ ሙጫ እዚያ አይገባም። ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም። መኪናው ሲጋጭ ቀበቶው የሚንጠለጠለው በዚያች ላሜራ ላይ ነው።

ሙሉ መቀየርስ? በብሎን የሚታሰር ፓራፋንጎ ወይም ኮፋኖ ከሆነ፣ ጤነኛ ምትክ ካገኛችሁ አታመንቱ፤ ቀይሩት። ተበይዶ የተገጠመ ክፍል ከሆነ ግን ቆም በሉ። አዲስ የሚመረቱ ምትኮች ሁልጊዜ ልክ አይመጡም። ኦሪጅናሉ ላይ ታች ጠርዙ ብቻ ከተበላ፣ ያንን ጠርዝ ብቻ መቁረጥ የመኪናውን መስመር ይጠብቃል። አሮጌውን ክፍል አዲሱ ተገጥሞ የበሩ ክፍተት ልክ እስኪሆን አትጣሉት፤ ልኬት የሚወሰደው ከእሱ ነው።

ደፍ ለብቻው ይነሳ። ብዙ ጊዜ የውስጥና የውጭ ላሜራ ተደርቦ የተሠራ ሳጥን ነው፤ ጣሪያ የሌለው መኪና ከሆነ ደግሞ መካከሉን ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት በበሩ ክፍት ቦታ ላይ አግድም የብረት ዘንግ በይዳችሁ ደግፉት። ሁለቱን ጎን ባንዴ አትቁረጡ። አንዱ አልቆ በሩ በደንብ ሲዘጋ ወደ ሌላው እለፉ። በተበላው ደፍ ላይ አዲስ ሽፋን ደርቦ መበየድ የተለመደ አቋራጭ ነው። ከስቱኮ የሚለየው ለማውጣት የበለጠ ስለሚያደክም ብቻ ነው።

ለመበየድ የትኛው ማሽን?

ለጀማሪ ያለ ጥርጥር ጋዝ ያለው ሚግ (ሽቦውን ራሱ እየመገበ የሚበይድ ማሽን)። 0.6 ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ አርጎንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተቀላቀለበት ጋዝ። ለቀጭን ላሜራ የሚስማማ ሙቀት ይሰጣል፤ አንድ እጅ ነጻ ስለሚሆን ቁራጩን መያዝ ይቻላል።

ያለ ጋዝ የሚሠራው ሚግ ይማርካል፤ ጠርሙስ የለውም፣ ነፋስ ላይም ይሠራል። ነገር ግን ሽቦው ወፍራም ነው፣ ሙቀቱ ይበዛል፣ ፍንጣሪው ይረጫል። 0.8 ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ ቶሎ ይበሳል። ያላችሁ እሱ ብቻ ከሆነ ቢያንስ የገመዶቹን አያያዝ አረጋግጡ። ያለ ጋዝ ሲሠራ ችቦው (በእጅ የሚያዘው የብየዳ ጫፍ) ከኔጌቲቭ፣ በጋዝ ሲሠራ ከፖዘቲቭ ይታሰራል። ይህን ባለማስተካከል ማሽኑን የሚያማ ሰው ብዙ ነው።

ቲግ (በአንድ እጅ ችቦ፣ በሌላው ሽቦ ተይዞ የሚሠራው ብየዳ) በጣም ንጹሕ መስመር ይሰጣል። ብየዳው ለስላሳ ስለሆነም በመዶሻ ሊስተካከል ይችላል። ግን ሁለት እጅ፣ ብዙ ልምምድና ፍጹም የጸዳ ብረት ይፈልጋል፤ የአሮጌ መኪና ብረት ደግሞ እንዲህ አይገኝም። የጋዝ ብየዳ የድሮዎቹ ባለሙያዎች ጥበብ ነው፤ ሙቀቱ ሰፊ ስለሆነ ያልለመደ እጅ ላሜራውን ያበላሻል። ተራው የኤሌክትሮድ ብየዳ ለወፍራም ሻንሲ እንጂ ለአካል አይሆንም።

ማሽኑ ምንም ይሁን፣ ቀጭን ላሜራ ላይ መስመር አይጎተትም። ነጥብ ብቻ ነው። አንድ ነጥብ ትመታላችሁ፤ ብርቱካናማው ፍም እስኪጠፋ ትጠብቃላችሁ። ቀጣዩ ነጥብ ከጎኑ አይደለም፤ በተቃራኒው ጫፍ ነው። ከዚያ መሃል፣ ከዚያ የመሃል መሃል። ቁራጩ በእጅ ሲነካ ከሞቀ ሻይ ጠጡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ጋ በዓይን ይታያል፤ በተከታታይ የተበየደ ላሜራ ሲቀዘቅዝ ይሸበሸባል። የቁራጩን ማዕዘን ክብ አድርጉት፤ ሹል ማዕዘን መሰንጠቂያ ነው። ቁራጩ የሚቆረጠውም ቡናማው ካለቀበት ሳይሆን ብረቱ ሙሉ ውፍረቱን ካገኘበት ነው።

ጫፍ ለጫፍ ወይስ ደርቦ? የሚታይ ፊት ላይ ጫፍ ለጫፍ ይሻላል። ደርቦ መበየድ ለጀማሪ ይቀላል፤ ነገር ግን በድርቡ መሃል ውሃ የሚገባበት ስንጥቅ ይተዋል። ወለል ላይ ደርባችሁ ከበየዳችሁ በመሃሉ ብየዳ የሚችል የዚንክ ፕራይመር ቀቡ፤ ከላይም ከታችም መገጣጠሚያውን በማስቲክ ዝጉት። ያልደረሳችሁበት ጀርባ ካለ ደርባችሁ አትበይዱ።

ከመጀመራችሁ በፊት ባትሪው ይፈታ። የነዳጅ ታንኩ ከመኪናው ወጥቶ ይራቅ፤ ባዶው ታንክ በእንፋሎቱ ምክንያት ከሙሉው የባሰ ነው። ከወለሉ ላይ ምንጣፍና ድምጽ መከላከያ ይነሳ። እሳት ማጥፊያ በእጅ ርቀት ይቀመጥ። ሥራ ካቆማችሁ በኋላም ቢያንስ አንድ ሰዓት መኪናውን ትታችሁ አትሂዱ፤ ቃጠሎው የሚነሳው የታመቀ ነገር ጭሶ ጭሶ ነው። ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ ደግሞ የሚበየድ ብረት ላይ ፈጽሞ አይነካ። በብየዳው ሙቀትና ጨረር ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይሆናል። አንዳንድ ጣሳ ክሎሪን አለው፣ አንዳንዱ የለውም፤ ጽሑፉን አንብቡ።

ጥገናው የሚቆየው በማሸጊያው ነው

የጸዳ ብረት ላይ ተራ ፕራይመር ቀብቶ መተው ዋጋ የለውም፤ እርጥበት ያሳልፋል። ኢፖክሲ ፕራይመር ይዘጋል፤ ስቱኮም ከእሱ በላይ ሲሆን ከብረቱ ጋር አይገናኝም። ለታችኛው አካልና ለሻንሲ ዝገት ላይ የሚቀቡ፣ እርጥበት ስቦ የሚጠነክር የዩሬታን ቀለሞች አሉ። ሸካራ ብረት ላይ ጥሩ ይይዛሉ፤ ፀሐይ የሚያገኛቸው ቦታ ላይ ግን ሌላ ቀለም ይደረብባቸው። የመጨረሻውን ቀለም በተመለከተ፣ ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት ያለበት ከሆነ ተራ ማስክ አይከላከልም፤ ንጹሕ አየር ከውጭ የሚያስገባ መሣሪያ ላለው ሰው ስጡት።

ወደ ጀርባው እንመለስ። የበየዳችሁት ቦታ ጀርባ ላይ ፕራይመሩ ተቃጥሏል፤ ብረቱ ራቁቱን ነው። በረጅም ቱቦ የሚረጭ የጉድጓድ ሰም ለዚህ የተሠራ ነው። ቀጭን ሆኖ ይገባል፣ በስንጥቁ ይሳባል፣ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ጥቁሩ የሬንጅ ቅብ ግን ከጊዜ በኋላ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ውሃውን ከስሩ ይዞ ያስቀምጠዋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚረጩም አሉ። ጎማ ነክ ክፍሎችን ያሳብጣል፣ ይንጠባጠባል፤ አልመክረውም።

ሰሙ የሚረጨው ብየዳውም ቀለሙም ካለቀ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተረጨ ብየዳው ያነደዋል፣ ቀለሙም አይይዝም። ሲያበቃ በደፉና በበሩ ስር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ አንድ በአንድ ክፈቷቸው።